አበልጄን «ፋሺስት» አልኩት

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊው ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይወጣ አደራ ብለዋል።

«ዕድሜዬ 53 ነው። ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። የሰፈራችን እድር ዳኛ አበልጄ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን እንደ እኩያ ነው የምንኖረው። ጥምቀትን አብረን ነው የምንወርደው። በኅዳር ወር ስብሰባ ላይ ወርሃዊው መዋጮ ከ50 ብር ወደ 100 ብር ይደግ ተባለ። እኔ ተነሣሁና፣ መጀመሪያ አምና የተገዛው ድንኳን ደረሰኝ ይቅረብልን አልኩ። ሌሎችም ደገፉኝ። አበልጄ ተቆጣ። ‹እንዲህ ዓይነት ጽንፈኛ አካሄድ እድሩን ያፈርሳል፤ ከጀርባህ ማን እንዳለም እናውቃለን› አለኝ። በዚህ ጊዜ፣ በጎንደር፣ በሰው ፊት እንዲህ መባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ደሜ ፈላ። ‹አንተ ፋሺስት!› አልኩት። አዳራሹ ጭጭ አለ። የሱ አባት አርበኛ ነበሩ። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የእድሩን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ስብሰባውም ተበተነ።

«ይኸው ወር አለፈው፤ አንነጋገርም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብኛል። ባለቤቴ ‹ሂድና ይቅርታ ጠይቅ› እያለች ነው። ግን ማን ቀድሞ ሰደበ? ደግሞስ ሰው ሳያማክር የሚወስን፣ ጥያቄ የማይወድ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ያመንኩበትን ቃል እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው? ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላ ነው። የ14 ዓመቱ ልጄ፣ ያው የሱ የክርስትና ልጅ፣ ማታ ስልክ ደብቆ ሲጫወት እህቱ ለእናቱ ነገረችበት። ‹ባንዳ!› ብሎ ሲጮህባት ሰማሁት። ልቆጣው ተነሣሁና ምን እንደምለው ጠፋኝ። እስቲ ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ብፈልግ አጣሁ። ደረሰኙን። ድንኳኑ ስንት ተገዛ? ከማን ተገዛ? ማን ፈረመ? ስብሰባው ከተበተነ ወዲህ ይህን የጠየቀ ሰው እንዳለ አልጻፉልኝም። እርስዎ ራስዎ ረስተውታል መሰለኝ። ያሳጠርኩት ገጽ ሙሉውን ማን ቀድሞ እንደሰደበ ነበር የሚተርከው።

ጥያቄዎ እኮ ደህና ጥያቄ ነበር። 50 ብር ለአንዳንዱ ቤት የሁለት ቀን ሽሮ ነው። ገንዘብ ጨምሩ የተባለ ሰው ያለፈው የት ገባ ቢል ወግ ነው። አበልጅዎ «ጽንፈኛ» ሲሉ የጥያቄው ግማሽ ሞተ። እርስዎ «ፋሺስት» ሲሉ የቀረው ግማሽ ሞተ። ሰዉም ለቅሶ እንደደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ሄደ።

በእውነት እላለሁ፣ አበልጅዎ ደረሰኙን መደበቅ ቢፈልጉ ኖሮ ከእርስዎ አፍ ከወጣችው ከዚያች ቃል የተሻለ መደበቂያ አያገኙም ነበር። ደበቁ ማለቴ አይደለም። ምናልባት ወረቀቱ ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ግን አሁን ማን ይጠይቃቸዋል? የጠየቀ ሁሉ ከእርስዎ ወገን ሊባል ነው።

የእሳቸውንም ቃል እንየው፤ በደሉ የሁለት ወገን ነውና። ጽንፍ ማለት ዳር ማለት ነው። «ከአጽናፍ እስከ አጽናፍ» እንደምንለው። እንግዲህ «ጽንፈኛ» ስለ ሰውየው የሚነግረን ዳር መቆሙን ብቻ ነው። መሀሉ የት እንደሆነ የሚወስነው ተናጋሪው ነው። እኔ የቆምኩበትን መሀል ካልኩት፣ ከኔ የራቀ ሁሉ ጽንፈኛ ይሆናል። ሰውየው ምን አለ? ምን አደረገ? ቃሉ አይናገርም። ደረሰኝ የጠየቀም፣ ሰው የገደለም በአንድ ስም ይጠራሉ። እንዲህ ያለ ስም ለሚጠራው ሰው በጣም ምቹ ነው። ማስረጃ አይጠየቅበትም።

ምቹ ቢሆንም ግን ቀልድ አይደለም። «ከጀርባህ ማን እንዳለ እናውቃለን» የምትለዋ ቅጥያ ከዋናው ቃል ትብሳለች። የአሁኑን የጎንደርን ኑሮ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ እርስዎ ናቸው የሚኖሩት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቃሉ ከእድር አዳራሽ ወጥቶ ሌላ ጆሮ ውስጥ ቢገባ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በማግስቱ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ደምዎ ቢፈላ አልፈርድብዎትም። የኔም ይፈላ ነበር። ቀድመው የሰደቡት እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸውም ቃል ከባድ ነበር። ይህን ልንገርዎትና ይረፉ፤ ማን ቀድሞ ሰደበ የሚለው ገጽ እዚህ ላይ ይዘጋ።

ወደ እርስዎ ቃል እንምጣ።

ሱቅዎ የት እንደሆነ አላውቅም። ፒያሳ መውረድዎ ግን አይቀርም። ፖስታ ቤቱን ያልፋሉ። እነዚያን ጠርዛቸው ክብ የሆነ፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ ሕንፃዎች ማን ሠራቸው? ፋሺስት ነው የሠራቸው። በስድብ ሳይሆን በስሙ። ድርጅቱ ራሱን የጠራበት ስም ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1919 ሚላኖ ላይ ሲያቋቁመው «ፋሾ» ከሚል የጣሊያንኛ ቃል ነው ስሙን ያወጣለት፤ እስር፣ ነዶ እንደማለት። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት እየገቡ ይደበድቡ፣ ያቃጥሉ ነበር። ከዚያ ሌሎች ፓርቲዎች ታገዱ፣ ጋዜጦች ተዘጉ። ከዚያ ወደኛ መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። በመጋቢት 23 ጎንደር ገባ። የመርዝ ጋዝ፣ የየካቲት 12፣ በግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ የተረሸኑት መነኮሳት፣ ይህን ሁሉ ያውቁታል። ጣሊያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር አዋጅም በ1929 ወጥቶ ነበር። ሰውን እንዲህ በዘር ለይቶ በሕግ ያስቀመጠ ነው።

ደግሞ ከሌላው አገር ይልቅ ጎንደር ላይ ነው የዘገየው። ሚያዝያ 27 የድል በዓል ብለን የምናከብረው ንጉሡ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበትን ቀን ነው። በዚያ ቀን ጎንደር ገና ጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ቁልቋል በር የሚባለው ምሽግ ከተሰበረ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ወደ ሰባት ወር የሚጠጋ ልዩነት። የሰውየው ስም «ናዚ» መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የቤተሰቡ ስም ነው እንጂ ከጀርመኖቹ ጋር አይገናኝም። ይህችን ያነሣሁት ስም ብቻውን ምንም እንደማያስረዳ እግረ መንገዴን ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የአበልጅዎ አባት ያን ጊዜ የተዋጉት ከዚህ ጋር ነው። እርስዎ ደግሞ በዚያው በኅዳር ወር፣ በዚያው ከተማ፣ ልጃቸውን በዚያ ስም ጠሩ። ምን ሠርተው? መዋጮ ይጨመር ብለው። የእድር ዳኛ እኮ ነው ያሉኝ። ያለው ጦር ጡሩምባ ነፊው ነው። ትጥቁ ደግሞ ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር። ጥቁር ሸሚዝ የሚለበሰው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

እየቀለድኩ ነው፣ ግን ጋቢያቸውን ጣል አድርገው የወጡት ስለ ቀልድ አይደለም። መልስ አጥተውም አይመስለኝም። መልስ የሚሰጠው ነገር ሲኖር ነው። «ግትር ነህ» ቢሏቸው፣ «አይደለሁም፣ እንዲህና እንዲያ ብዬ ነው» ይሉ ነበር። «ፋሺስት» ለሚል ሰው ምን ይባላል? «ፋሺስት አይደለሁም» ብሎ ራስን መከላከል ራሱ ያዋርዳል።

«ሌላ ምን ይባላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ኧረ አማርኛ በዚህ አልደኸየም! ግትር አለ። ማን አለብኝ ባይ አለ። እኔ ያልኩት ብቻ ባይ አለ። ነገር የማይገባው፣ ቁጡ፣ ችኮ፣ ገገማ፤ ልጆቹ የሚሉትን ብጨምርልዎት ገጹ አይበቃኝም። በዛ ካለ አምባገነን። ይቺም ለእድር ዳኛ ሰፋ ትላለች፤ ቢሆንም የጣሊያን መለዮ አታለብሳቸውም። ጎንደሬ ደግሞ ከጥንትም ሰው ሲነካ በቅኔ ነው፤ የተነካው ሰው የገባው ቤቱ ደርሶ እራቱን ሲበላ ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ሀብት ትተው ከጣሊያን ቃል ተበደሩ።

እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ የነበረውን ልጅ «አንተ ካድሬ!» አልኩት፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ መብራት ስለሌለ ፕሪንተሩ አይሠራም» አለኝ። ሰዉ ሳቀብኝ። እስካሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። የልጁ ጥፋት ሦስት ቀን ሙሉ «ነገ ይምጡ» ማለቱ እንጂ ካድሬነቱ አልነበረም። ያን ብለው ኖሮ ምናልባት ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ማንሣት የማልወደውን ላንሣ። 1970 ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ ሌባና ፖሊስ እንጫወት ነበር። ያን ዓመት ግን ጨዋታው ስሙን ቀየረ። ግማሾቻችን አብዮት ጠባቂ፣ ግማሾቻችን አናርኪስት ሆንን። አናርኪስት ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። የሚሮጥ ነው፤ ይህን ብቻ ነው የምናውቅ። አንድ ቀን ጠዋት አጥር ሥር የተደበቀ ልጅ አየሁና «አናርኪስት! አናርኪስት ያዝኩ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ከማጀት ሮጣ ወጣች። ሊጥ እያቦካች ነበር። በዚያው እጇ አፌን አፈነችኝ። ሊጡ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አልመታችኝም፣ አልተናገረችኝም፤ አፌን ይዛ ወደ ጎረቤታችን በር ታያለች። የጎረቤታችንን ትልቁን ልጅ ንጋት ላይ ወስደውት እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አልተመለሰም። የቦካ ሊጥ ሽታ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ አፌን እይዛለሁ።

ካደግኩ በኋላ አናርኪስት ማለት ምን እንደሆነ አነበብኩ። መንግሥት የሚባል ነገር ጨርሶ አያስፈልግም የሚል ሰው ነው። ደርግ በዚህ ስም የሚጠራው ኢሕአፓን ነበር። ኢሕአፓ ደግሞ ዋና ጥያቄው «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» ነበር። መንግሥት አምጡ የሚለውን ሰው መንግሥት አያስፈልግም ባይ ብለው ገደሉት። ኢሕአፓም በፋንታው ደርግን «ፋሺስት» ይለው ነበር። መኢሶን ከደርግ ጋር ነበር፤ በነሐሴ 1969 ሲለይ በማግስቱ «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። ሁሉም የማርክስን መጽሐፍ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ጎንደር ውስጥ ያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሞልተዋል። እናቶች የዚያን ጊዜውን አስተዳዳሪ ሻለቃ መላኩ ተፈራን «የእግዜር ታናሽ ወንድም» እያሉ የልጆቻቸውን ነፍስ የለመኑበት ከተማ ነው። የጎረቤታችን ልጅም የተወሰደው በአንዲት ቃል ነው። ምን እንዳደረገ የጠየቀ አልነበረም፤ ስሙ ከወጣለት በኋላ ጥያቄ አያስፈልግም ነበርና።

ለዚህ ነው «ቃል ነው፣ ያልፋል» የሚሉኝን የማልሰማቸው።

ከዚያም በኋላ የተለየ ነገር አላየንም። በሰኔ 2003 ምክር ቤቱ አምስት ድርጅቶችን አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ከመካከላቸው ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 በ2010 ከመዝገቡ ተሰረዙ። መሪዎቻቸው በአውሮፕላን መጥተው በአበባ ተቀበልናቸው። ሲለጠፍ ልክ ነበር ወይስ ሲነሣ? እሱን ለሌላ ጊዜ። እኔ የማስበው በመሀሉ በነበሩት ሰባት ዓመታት፣ በዚያ ስም ተጠርጥሮ ወጣትነቱን እስር ቤት የጨረሰውን ሰው ነው።

ታዲያ እነዚህን ቃላት ጨርሰን እንጣላቸው? አይሆንም። ይህን ብል ውሸታም እሆናለሁ። ፋሺስት የሚባል ነገር ነበር፤ አዲስ ስም አውጥቶ ሊመጣም ይችላል። ቃሉን ከጣልነው ያን ቀን በምን እንጠራዋለን? እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። ድርጊቱን ብቻ ለጎረቤቴ እነግራትና ዝም እላለሁ። ስም አልጨምርም። «ገዳም ገብቶ መነኮሳቱን በመኪና ጭኖ ወስዶ ረሸናቸው» ብላት፣ «ይህ ፋሺስት!» የምትለው እሷው ናት። እኔ አልጠቆምኳትም። አሁን የእርስዎን ነገር ነገርኳት። «የእድሩ ዳኛ ድንኳን ገዝተው ደረሰኝ ሳያሳዩ መዋጮ ጨምሩ አሉ» አልኳት። ቡናዋን እየቀዳች ምን አለችኝ መሰለዎ? «ታዲያ ደረሰኙን አይጠይቃቸውም?»

በቃ። ይህ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ። ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ወደ አበልጅዎ ቤት ይሂዱ። ሽማግሌ ቀድመው አይላኩ። ሽማግሌ ከላኩ ነገሩ የደም ነገር ይመስላል፤ አበልጅዎም በሰው ፊት ክብራቸውን ለማስጠበቅ ይጠነክራሉ። ማታ፣ ሰው ከየሥራው ከገባ በኋላ ይሂዱ። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ ያንን ባንዳ ያለውን። የክርስትና አባቱ ቤት ነው፤ ባዶ እጁን እንዳይገባ አንድ ነገር ያስይዙት። ልጁን ይዞ የመጣን አበልጅ ማን በር ይዘጋበታል?

ሲገቡ አያስረዝሙት። «ደሜ ፈልቶ ነው» አይበሉ፤ የፈላ ደም ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይደለም። «አንተም እኮ» ብለውም አይጀምሩ። «አባትህ የተዋጉትን ጠላት ስም ባንተ ላይ ለጠፍኩ። አጥፍቻለሁ። ቃሌን አንሥቻለሁ።» ይህን ይበሉና ይቀመጡ።

ያመኑበትን ቃል እንዴት እንደሚመልሱ ጠይቀውኝ ነበር። ልብ ብለው ይዩ፣ ያመኑበት ነገርና ያሉት ቃል ሁለት ናቸው። ያመኑት «አበልጄ ሳያማክር ይወስናል፣ ጥያቄ ሲነሣበት ይቆጣል» የሚለውን ነው። እሱን አይመልሱ። እሱን ይዘው ይሂዱ። የሚመልሱት ያላመኑበትን ነው። ሰውየውን በእውነት ፋሺስት ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ ልጅዎን ክርስትና ያስነሡታል?

ቡና ከመጣና ነገሩ ከበረደ፣ ያኔ የእርስዎን ቁስል ይንገሯቸው። «ጽንፈኛ ያልከኝን አንተም አንሣልኝ፤ ይህ ቃል በዚህ ጊዜ ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀር ይችላል» ይበሏቸው። ልክ እንደዚህ፣ ያለ ጌጥ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲወረውር የት እንደሚያርፍ አያስብም። የአርበኛ ልጅ ደግሞ የስም ነገር ይገባዋል። ምናልባት ወዲያው አይመልሱልዎ ይሆናል። ግድ የለም፤ ይቅርታዎን በእሳቸው መልስ አያስሩት። እምቢ ብለው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ያን ጊዜ የንስሐ አባታችሁና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይግቡበት።

ግን በቤት የተባለው በቤት አይቅር። የሰደባችሁት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሚነሣውም አዳራሽ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለታችሁም ተነሥታችሁ ትናገሩና ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍረው። የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የእሳቸውም። ነገ «ጽንፈኛ ተብሎ ነበር» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ቃሉ መነሣቱን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኖርዎታል። ይህን ሳስብ ቃለ ጉባኤ የሚባለውን ነገር እወደዋለሁ።

ስለ ልጁ ደግሞ። ቃሉን ከየት አመጣው ብለው አይገረሙ። የሰፈር እድር ውስጥ የተባለ ነገር እራት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት ይደርሳል። አባቱ አበልጁን ምን እንዳለው ሰምቷል። አባቱ ትልቁን ሰው ፋሺስት ካለ፣ እሱ ትንሿን እህቱን ባንዳ ቢል ምን ይገርማል? ስለዚህ ቁጣውን ይተዉና አበልጅዎ ቤት ሲገቡ አጠገብዎ ያስቀምጡት። አባቱ ቃል ሲያነሣ ይይ። ከዚያ የበለጠ ምክር የለኝም።

ቤት ስትመለሱ ግን በመንገድ ላይ አንድ ነገር ይጠይቁት። «ባንዳ ምን ማለት ነው?» ይበሉት። አያውቀውም፤ እኔ አናርኪስትን እንዳላወቅኩት። ይንገሩት። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው አሰልፈው ደመወዝ የሚከፍሉት ጦር መጠሪያ ነበር። ስድብ የሆነው በኋላ፣ በእኛ አፍ ነው፤ ሊሆንም ይገባዋል፤ የገዛ አገሩን ሰው ለወጋ። ግን የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ነበሩ። ቀን ጣሊያን ቢሮ ሲላላኩ ይውላሉ፣ ማታ ጥይቱንና ወሬውን ለአርበኛ ያሻግራሉ። ጎረቤታቸው ባንዳ እያለ ምራቁን ሲተፋባቸው ዝም ይላሉ፤ ቢናገሩ ይሞታሉ። እንግዲህ ባንዳ በስሙና በደመወዙ ተመዝግቦ በነበረበት ዘመን እንኳ ማን ባንዳ እንደሆነ ለማወቅ እንዲህ አስቸጋሪ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ ይወዳል። አርበኛው የክርስትና አባቱ አባት መሆናቸውን ሲሰማ ደግሞ የበለጠ ይወዳል። እንዲያውም አበልጅዎ እንዲነግሩት ይለምኗቸው። ሽማግሌ ስለ አባቱ ሲተርክ ቂም ይረሳል።

ለእህቱ የሚሆን ቃል ከፈለገ ደግሞ አለ። አሳባቂ። ስልኩን አይታ ለእናቷ የተናገረች ልጅ አሳባቂ ነው የምትባለው፤ ስንት ትውልድ እህቶቹን በዚህ ስም ጠርቶ አድጓል። እሱን ይበላት። ትንሽ ይገባታል። ስልኩን ግን አይመልሱለት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ከጥምቀት በኋላ ነው ብለውኛል። ይቅርታው ካለቀ በኋላ፣ ሰዉ ጨብጦና ስሞ ቦታው ሲቀመጥ፣ እርስዎ እንደገና እጅዎን ያውጡ። ሰው «አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው?» ብሎ ይሣቀቃል። ይሣቀቅ። ቀስ ብለው፣ «የተከበሩ ዳኛ፣ የድንኳኑ ደረሰኝ» ይበሉ። ስንት እንደተገዛ ሲታወቅ ይጻፉልኝ፤ የኛም እድር ሊገዛ ነውና ዋጋውን ማወቅ እፈልጋለሁ።